መጽሐፍ አዝለው የሚመጡት እትዬ አስካለ

ከቦኖው ወረፋ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ዶሮዬ ከሰል ምድጃው አጠገብ ክንፏን ዘርግታ ሞታ አገኘኋት። ፈንግል ነው ብዬ ላወጣት ጎንበስ ስል ልጄ ትዕግስት ከተኛችበት «እማዬ፣ ራሴን» አለችኝ። ድምፅዋ የእሷ አልነበረም። ላቆማት ብሞክር ጉልበቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈብኝ፤ ወዲያው አስመለሳት። ያኔ ጮህኩ።

ሐምሌ ነበር። እኛ ከወለጋ ተፈናቅለን ደብረ ብርሃን መጠለያ የገባን ሰዎች የለመድነው ሞቃት አገር ነው፤ የደብረ ብርሃን ሐምሌ አጥንት ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ሁላችንም የላስቲክ ቤታችንን በአሮጌ ብርድ ልብስና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀን ንፋስ መግቢያ አሳጥተነው ነበር። በዚያ ላይ ከሦስት ቀን በፊት ለየቤቱ አንድ አንድ ምድጃና አንድ አንድ ከረጢት ከሰል ታድሎናል። ልጄ እንዳይበርዳት ብዬ ጠዋት ምድጃውን አቀጣጥዬ፣ በሩን ገጥሜ ነበር ወደ ውሃው የሄድኩት። አባቷ ለቀን ሥራ ርቆ ስለነበር ከእሷና ከእኔ በቀር ሰው የለም።

ጎረቤቴ ደብሪቱ ጩኸቴን ሰምታ ዘላ ገባች።

«ብርድ ነው! ብርድ መቷታል! ምን ይገትርሻል፣ በሩን ዝጊው እንጂ!»

ዘጋሁት። ልጄን በጋቢ ጠቀለልኳት። ምድጃውንም ወደ እሷ አስጠጋሁት። አዎ፣ በገዛ እጄ አስጠጋሁት። ደብሪቱ ዳማከሴ ፍለጋ ልትሮጥ ስትል ከውጭ ያ የለመድነው ድምፅ ተሰማ።

«እናንተ የዚህ ቤት ሰዎች! ጠቀመ ወይስ ጎዳ?»

እትዬ አስካለ ነበሩ።

እትዬ አስካለ ማን እንደሆኑ ካልተናገርኩ ቀጥሎ ያደረጉት የእብድ ሥራ ይመስላል። አሁን ደብረ ብርሃን የሉም፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው አንኮበር ወንድማቸው ቤት ገብተዋል። ያኔ ግን በሳምንት ሦስት ቀን የማይቀሩብን ሴት ነበሩ። አጭር ናቸው፤ ትከሻቸው ሰፊ፤ የወንድ ቦት ጫማ ያደርጋሉ፤ መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው። ጡረታ ሲወጡ መጻሕፍት ገዝተው፣ ለምነው ሰበሰቡ። መጻሕፍቱን ደግሞ በፌስታል አይዙም፣ በቦርሳ አይዙም፤ እንደ ሕፃን በጋቢ ያዝሏቸዋል።

«ምነው በእጅዎ ቢይዙት?» ሲባሉ «እጄ ባዶ ካልሆነ ምን ልረዳ ነው የመጣሁት?» ይላሉ።

የሠፈሩ ልጆች ከኋላቸው እየተከተሉ «እትዬ፣ ልጅዎ አለቀሰ!» ይሏቸዋል።

«ርቦት ነው፤ የሚያነበው ሰው አጥቶ» ብለው ያባብሉታል፤ ወገባቸውን ወዘወዝ፣ መቀመጫውን መታ መታ እያደረጉ።

እኔና እርሳቸው የተዋወቅነው በሚያሳፍር ነገር ነው። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ለልጆቻችን ተረት መጽሐፍ አምጥተው ነበር፤ ለየቤቱ አንድ። ለትዕግስትም ደረሳት። ያን ሳምንት እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ፣ እሳት እምቢ ብሎኝ፣ ልጄም ርቧት ነበር። አንድ ገጽ ቀደድኩ። ያዘ። ሌላ ገጽ ቀደድኩ። በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ተመልሰው ረድፋችን መሐል ቆሙና «ጠቀመ ወይስ ጎዳ?» አሉ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይተን አናውቅም። የሚሰጠን ሰው ሰጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ሁሉም «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ጠቀመን» አለ። እኔም አልኩ። ያቺ ልጄ ግን ጮክ ብላ «እማዬ እሳት አነደደችበት!» አለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ አስካለ እኔን አዩኝ፤ ጉልቻው ሥር የቀረችውን ግማሽ ሽፋን አዩ።

«እስከ ስንት ገጽ ደረስሽ?»

«ጨርሼዋለሁ» አልኳቸው።

ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም እያፈርኩ ሳቅሁ። ከዚያ መነጽራቸውን ጠረጉና «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ማገዶ አላችሁ ወይ ሳልል ወረቀት ተሸክሜ መጣሁ። ለካ መጽሐፍ የሚያስፈልገው እኛን ረጂዎቹን ነው እንጂ እናንተን አይደለም!»

ከዚያ ቀን ወዲህ መጽሐፍ የሚያዝሉት ሊረዱን ለሚመጡ ሰዎች ሆነ። መኪኖች የሚቆሙበት በር አጠገብ አንዲት የቆርቆሮ ጥላ አለች፤ እዚያ ይቀመጣሉ። የጫነ መኪና ሲመጣ ተነሥተው «እንኳን ደህና መጣችሁ። ምን ምን አንብባችኋል?» ይላሉ። ሰዉ ግራ ይገባዋል። አንደኛዋ መጽሐፋቸው ቀጭን ናት፤ ሰው ሲቃጠል፣ ሲደማ፣ ተቅማጥ ሲያጣድፈው ምን እንደሚደረግ በሥዕል ታሳያለች። አንዱ ወፍራም ነው፤ ሰው መጥቶ የውሃ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲሄድ ጉድጓዱ ለምን ያለ ጠያቂ ተበላሽቶ እንደሚቀር ያወራል። አንዱ ደግሞ ያዘነ ሰው አጠገብ እንዴት እንደሚቀመጡ የሚያስተምር ነው፤ «ይህን ያነበበ ሰው ‹ሁሉም ለበጎ ነው› ብሎ አያናድድሽም» ይሉኝ ነበር። ከሁሉ የሚወዱት ግን ያደረግነው ነገር መጥቀሙን በምን እናውቃለን የሚለውን ነው። ሽፋኑ ከመነካካት ብዛት ቀለሙ ለቋል። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጠየቅን የለመዱት ከእርሱ ነው።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ወጣቶች አንድ መኪና ሙሉ ልብስ አመጡልን። ከልብሱ መሐል የሙሽራ ቬሎ ወጣ። ለደብሪቱ ደረሳት። ደብሪቱ ምን ያሳፍራታል! በማግስቱ ጋቢዋን ከላይ ደርባ፣ ቬሎውን እየጎተተች ቦኖ ወረፋ ወጣች። «ሦስት ድርብ ነው፣ ከብርድ ልብስ ይሻላል» አለች። ወረፋው ሁሉ እልል አለላት። ከተፈናቀልን ወዲህ እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

ወጣቶቹ ገና አልሄዱም ነበርና እትዬ አስካለ አለቃቸውን አስጠሩ። ሄኖክ የሚባል፣ ፀጉሩን አሳምሮ የተቆረጠ፣ ደግ ፊት ያለው ወጣት ነው።

«ልብሱን ስትሰበስቡ ከእነዚህ ሰዎች ማንን ጠየቃችሁ?»

«እትዬ፣ እኛ እኮ ከልባችን ነው ያመጣነው።»

«ልባችሁንማ አየሁት፤ ቆንጆ ልብ ነው። ጭንቅላታችሁን የት ትታችሁት መጣችሁ?»

ልጁ ሳቀ። እርሳቸውም ከጀርባቸው አንዱን መጽሐፍ አውርደው ሰጡት።

«ውሰት ነው፤ አንብበህ ትመልሳለህ። ስትመልስ እጠይቅሃለሁ።»

«ፈተና አለው?»

«አለው። የምታርመው ደብሪቱ ናት።»

የሚመለስ አልመሰለንም። በወሩ ተመለሰ። ደብሪቱ ቬሎዋን ለብሳ ድንጋይ ላይ ተሰየመችና «እሺ፣ ለኔ ምን ልታመጣልኝ አስበሃል?» አለችው።

«ምን እንደምትፈልጊ ሳልጠይቅሽ ምንም አላስብም።»

«አለፈ!» ብላ አወጀች።

እውነትም ረድፍ በረድፍ እየዞረ ጠየቀን። ሴቶቹ አፍረን አፍረን ሞዴስ አልን፣ ሳሙና አልን። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ «ማገዶ! ብርዱ ልጆቻችንን ሊጨርስብን ነው» አለ። እትዬ አስካለም «ልክ ናቸው፣ ማገዶ ይምጣ» አሉ። ከሰሉና ምድጃው የመጣው እንዲህ ነው። ልጁ ጠየቀ፣ እኛ መለስን፣ ያልነው መጣ። ማንም ክፉ አላደረገም።

እትዬ አስካለ ያን ጠዋት የመጡት ለዚያው ከሰል ሦስተኛ ቀኑ ስለሆነ ነው።

በሩን ገፍተው ሲገቡ ዓይናቸው መጀመሪያ ዶሮዋ ላይ አረፈ። ከዚያ ምድጃው ላይ። ከዚያ የጠቀጠቅሁት ግድግዳ ላይ። ያዘሉት ጋቢ ተፈትቶ መጻሕፍቱ ጭቃው ላይ ሲበተኑ ዘወር ብለውም አላዩ። ምድጃውን በቦት ጫማቸው እየገፉ ወደ ውጭ አወጡት።

«ልጅቱን አውጫት! ወደ ውጭ!»

ደብሪቱ በሩን ጋረደች። «ምን ነካዎት እትዬ? ብርድ የመታው ሰው ዝናብ ላይ ይወጣል? ሊገድሏት ነው?»

«ብርድ አይደለም። የከሰሉ ጋዝ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፤ ቤት ዘግተሽ ስታነጂው ግን ይመርዛል።»

«የማይሸት፣ የማይታይ!» አለች ደብሪቱ፣ ወደኔ እያየች።

እውነቱን ልናገር፤ እኔም አላመንኳቸውም። እናቴ ያሳደገችኝ የታመመ ሰው ንፋስ አይንካው እያለች ነው። ልጄን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኳት። ቢነጥቁኝ የምናከስ ይመስለኛል። አልነጠቁኝም። ፊቴ ተንበረከኩ።

«የሺ፣ እዪኝ። አንቺንስ ራስሽን ያምሻል?»

«ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰሉ ከመጣ ጀምሮ» አልኩ።

«ወረፋው ላይ ሳለሽስ?»

«ትቶኝ ነበር። አሁን ስገባ ነው የተመለሰብኝ።»

«አየሽ፣ አንቺ ወጣሽ፤ እሷ አልወጣችም። ከሰሉ ይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። በኋላ እንደ ልብሽ ትሰድቢኛለሽ። አሁን ልጅቱን ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው።

ዝናቡ ያካፋ ነበር። አንድ ባጃጅ አስቆምን። ሹፌሩ የታመመ ልጅ ሲያይ አዝኖ፣ ወርዶ የጎኑን ሸራ ሁሉ ጥርቅም አድርጎ ዘጋልን።

«ክፈተው» አሉ እትዬ አስካለ።

«ኧረ እናቴ፣ ልጅቱ ታማ የለም እንዴ?»

«ክፈተው ልጄ! ግራና ቀኙን። የሚያድናት ንፋሱ ነው!»

በዚያ በሐምሌ ጠዋት የደብረ ብርሃንን አስፋልት ሸራውን አውለብልበን በረርን። የከተማው ሰው ሁሉ ይጮህብናል። «ዝጉላት እንጂ!» ይላል አንዱ ከሱቁ ደጃፍ። «ምን ዓይነት ጨካኝ እናት ናት!» ይላሉ አንዲት እናት ጃንጥላቸውን እያወዛወዙ። እትዬ አስካለ የልጄን ራስ ወደ ንፋሱ ይዘው፣ በሌላ እጃቸው ለሚጮኸው ሁሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። «ደህና ነን! እግዜር ይስጥልን!» ይላሉ። እኔ በፍርሃት ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነው። ሹፌሩ ራሱ ቀዝቅዞት «እናቴ፣ እኔንስ ማን ያድነኛል?» ሲላቸው ነጠላቸውን አውልቀው አንገቱ ላይ ጠመጠሙለት።

ሆስፒታሉ እንደደረስን እትዬ አስካለ «ከሰል ነው፣ በር ተዘግቶ» አሉ። ሁለተኛ የጠየቀን የለም። ወዲያው ኦክስጅን ፊቷ ላይ አደረጉላት። እኔንም አንድ ወንበር ላይ አስቀምጠው አደረጉልኝ። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ሳያት ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ትዕግስት ዓይኗን በደንብ ከፈተች፤ የቆሙትን ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና ጭምብሉን ገለጥ አድርጋ «እትዬ፣ ልጅዎስ?» አለች። ጀርባቸው ባዶ ሆኖባት ነው።

«ጭቃ ላይ ተኝቷል። ይነሣል» አሏት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። ከቀናት በኋላ ስታስወጣን «ለጊዜው ደህና ናት» አለችኝ። «ግን ይህ መርዝ አንዳንድ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ጣጣ ያመጣል። መርሳት፣ አረማመድ መሳት፣ ጠባይ መለወጥ ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ አምጪያት። ባይታይም ከወር በኋላ እናያታለን።»

ያ ወር ለኔ ወር አልነበረም። በየጠዋቱ ሳትነሣ «ስምሽ ማነው? የአያትሽ ስም?» እላታለሁ። «እማዬ ደግሞ ጀመረሽ!» ትለኛለች። ውሃ ስትቀዳ አረማመዷን ከኋላ አያለሁ። ዕቃ ስትረሳ ልቤ ይወድቃል። አንድ ቀን ደብሪቱ «የኔ ልጅማ ከተወለደ ጀምሮ ይረሳል፤ እሱን ማን ኦክስጅን ሰጠው?» ብላ አሳቀችኝ።

እትዬ አስካለ ግን ዝም ብለው አልጠበቁም። ልጄ ሆስፒታል በገባችበት ቀን አምሽተው ከደብሪቱ ጋር ረድፉን ሁሉ ዞረው ምድጃውን ከየቤቱ አስወጥተዋል። ደብሪቱ ቬሎዋን ሰብስባ «የማይታይ ነው፣ የማይሸት ነው፣ ግን አለ!» እያለች ከእርሳቸው በላይ ትጮህ ነበር አሉ። ለሄኖክም ስልክ ደወሉ። «ያመጣነው ነገር ጎድቷል። ና» ብቻ አሉት። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። አልተቆጡትም። ከኛ ጋር ቁጭ ብለው ተማክረው ሦስታቸውም፣ እርሳቸው፣ እሱና ደብሪቱ፣ ከረድፉ ጫፍ ግድግዳ የሌለው የማብሰያ ጥላ አቆሙልን። ግድግዳችን ላይ ከላይና ከታች ክፍት ቦታ አወጣን። ለብርዱ ደግሞ አንድ የእነዋሪ ገበሬ የሰጠውን የገብስ ጭድ ከመኝታችን ሥር ጎዘጎዝን። የጭድ ሙቀት እንዲህ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት።

ያቺን ቀጭን መጽሐፍ ጭቃዋን አድርቀው አመጡልኝና አንድ ገጽ ከፈቱ። የከሰል ምድጃ ሥዕል አለበት።

«ይህን ገጽ ዘልዬው ነበር» አሉኝ። «እዚህ ከሰል ይመጣል ብዬ ስላላሰብኩ። ደግሞ ‹ወደ ንጹሕ አየር አውጡ› ብቻ ነው የሚለው። ላውጣ ስል ሰዉ እንደሚከለክለኝ አልነገረኝም።»

ከዚያ እስክሪብቶ አወጡ። መጽሐፍ ላይ የጫረ ተማሪ ጆሮ ሲቆነጥጡ የኖሩ ሴት ኅዳጉ ላይ ጻፉበት። ቀስ ብዬ አነበብኩት። «እዚህ ሰዉ ብርድ መታው ብሎ በር ይዘጋል። አትጩኹበት። አንቺስ ራስሽን ያምሻል ወይ ብላችሁ ጠይቁ» ይላል።

በዚያው ሰሞን ቆርቆሮው ጥላ ሥር አንድ ካርቶን ሰቀሉ። «ለረጂዎች የሚመከሩ መጻሕፍት» ይልና አራቱን መጻሕፍት በተራ ይዘረዝራል። በአምስተኛው ላይ የመጽሐፍ ስም የለም፤ «የሺ፣ ሦስተኛ ረድፍ። እሷን ሳታናግሩ ምንም አታራግፉ» ይላል።

«እትዬ፣ ሰዎቹ ያፌዙብኛል! እኔ እኮ ከሦስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት» ብዬ ላወርደው ስል እጄን ያዙኝ።

«እነዚያን የጻፉት ሰዎች ላስቲክ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው አያውቁም።»

መጀመሪያ የመጡት ሰዎች ፊት ድምፄ ጠፋ። ሁለተኛዎቹ ሲመጡ ተናገርኩ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቆመኛል! እርዳታ የጫነ ባለመኪና «ሴትዮ፣ ሰዓት የለንም» ቢለኝ «ልጄን ሊገድል የነበረውም በደግ ሰው እጅ የመጣ ነው፤ ቁጭ በል» አልኩት። ተቀመጠ። እትዬ አስካለ ከወዲያ ሆነው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይስቃሉ።

ወሩ ሲሞላ ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። እኔ ማታውን ዓይኔ አልተከደነም። ዶክተሯ ትዕግስትን በመስመር አስኬደቻት፤ ሄደች። በአንድ እግር አቆመቻት፤ ቆመች። ከሃያ ወደ ኋላ አስቆጠረቻት፤ ቆጠረች።

«እስቲ ከመስከረም ጀምረሽ ወራቱን ንገሪኝ።»

«መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜ።»

የእትዬ አስካለን ክንድ ያዝኩ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አንድ አልረሳሽም?»

«አልረሳሁም» አለች ልጄ። «ሐምሌን ዘልዬው ነው። አልወደውም።»

ዶክተሯ ሳቀች። እትዬ አስካለ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እኔ ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም፤ ሁለቱንም አደረግሁ። ዶክተሯ ካርዱ ላይ ጻፈችና «ጨርሰናል። ከእንግዲህ ለዚህ ጉዳይ አትመጡም» አለችን።

ግቢው በር ላይ ስልኬ ጮኸ። ደብሪቱ ናት፤ «ምን አሉሽ? ተናገሪ እንጂ!» ትላለች።

«ድናለች» አልኳት። «ልጄ ድናለች። ደህና ነን።»